አይቶ ማለፍና ሥሎ ማየት

ስለ አዲስ አበባ የማይከራከር ተማሪ የለም። በምግብ አዳራሽ፣ በመኝታ ክፍል፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የከተማችን ነገር ሳይነሣ የሚያልፍ ሳምንት ጥቂት ነው። አንዱ «ከተማችን አማረች» ይላል፤ ሌላው «ከተማችን ጠፋች» ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ይናገራሉ፤ ሁለቱም ጠረጴዛ ይደበድባሉ። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን ያዝ አድርገን፣ «ለመሆኑ ፈረሰ ብለህ የምታዝንለት፣ ወይም ይፍረስ ብለህ የምትፈርድበት ቤት ስንት መስኮት ነበረው? ደረጃው በውጭ ነበር ወይስ በውስጥ? ጣሪያውስ በስንት በኩል ይወርድ ነበር?» ብለን ብንጠይቀው፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ በበሩ ያለፈ ሰው እንኳ መልስ ያጣል። እንግዲህ ክርክሩ ስለ ቤቱ አልነበረም፤ ስለ ቤቱ ስለተወራው ወሬ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለማኅበራችን መጽሔት ስናቀርብ አንድ አሳብ ይዘን ነው። ይኸውም፣ ሕንፃን በእርሳስ መሣል ለሠዓሊዎች ብቻ የተተወ ሙያ ሳይሆን ለማንም ሰው የሚሆን የማየት ትምህርት ነው፤ ከተማችን በየወሩ መልኳን በምትለውጥበት በዚህ ጊዜም አጥርቶ ማየት ለተማረ ሰው ግዴታ ነው እንላለን። ያላዩትን ማፍረስም ሆነ ላላዩት ማልቀስ ሁለቱም ከድፍረት ይቆጠራሉ።

ፊደል የቆጠረ ሰው የምንለውን ቶሎ ይረዳዋል። ልጁ ገና ሳይማር ፊደል በዙሪያው ሞልቶ ነበር፤ በሱቅ በር ላይ፣ በመጽሐፍ ላይ፣ በግድግዳ ላይ ያየው ነበር። ይሁን እንጂ ስንጥር ይዞ እያንዳንዱን በተራ እስኪነካ ድረስ «ሀ»ን ከ«ሁ» አይለይም። በጥንቱ የቁም ጽሕፈት ትምህርትም ተማሪው የፊደሉን ወገብና እግር የሚያውቀው ደጋግሞ በመጻፍ ነበር፤ ብርዑ የሄደበትን መንገድ ዓይኑ አይረሳውም። እርሳስም ለከተማ እንደዚያ ስንጥር ነው። ዓይን በአንድ ጊዜ ዘልሎ ከሚያልፈው ነገር ላይ እርሳስ አንድ በአንድ ያርፋል፤ ያረፈበትንም ይለያል።

ነገሩን ከራሳችን ግቢ እንጀምረው። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው በተሰጠው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት አንድ ደረጃ ቆሟል። ደረጃው እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ የትም ቤት ግን አያስገባም። በጫፉ ላይ አንበሳ ተቀምጧል። ተማሪው ሁሉ በአጠገቡ ወደ ክፍል ይሄዳል፤ ሲቀጣጠሩም «ደረጃው ጋ እንገናኝ» ቢባባሉ ማንም አይጠፋም። ይህን ደረጃ ሊሥል የተቀመጠ ሰው ግን እርከኖቹን መቁጠር ግድ ይሆንበታል፤ አንዱን ቢዘልል አንበሳው ከአየር ላይ ይቀርበታልና። የቆጠረ ሰው ደግሞ «ይህ ቁጥር ለምን ይህን ያህል ሆነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱም ይህ ነው። ደረጃውን ያቆሙት የፋሺስት ኢጣልያ ሰዎች በወረራው ዘመን ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ላለፈ ለአንድ የፋሺስት ዓመት ቆሟል። ነጻነት ሲመለስ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ጠላት ጻፈው፤ አራት ነጥቡን ግን ኢትዮጵያውያን አኖሩበት። ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። ነገር ግን ጥያቄውን ወደ አፋችን የሚያመጣው መቁጠሩ ነው፤ እንድንቆጥር የሚያስገድደንም እርሳሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን ጣልቃ ይገባና፣ «በኪሳችን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ እያለ እርሳስ ምን ይሠራል?» ይለናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፎቶግራፍን አንንቅም፤ ለምስክርነት ከእርሳስ ይበልጣል፤ አይዋሽም፤ አይደክምም። ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚያየው በእኛ ፋንታ ነው። ጣት አንድ ጊዜ ይነካል፤ መሣሪያው መስኮቱንም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውንም፣ በዚያ ሰዓት ያለፈውንም ሚኒባስ እኩል ይወስዳል፤ ባለስልኩም መንገዱን ይቀጥላል። በእርሳስ የሚሥል ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ከአንድ ቤት ጋር ይቀመጣል። በወረቀቱ ላይ የሚያኖራት እያንዳንዷ መስመር አንዲት ፍርድ ናት፤ ይህ ይግባ፣ ይህ ይቅር፣ ይህ ከዚያ ይረዝማል፣ ይህ ከዚያ ይጠብባል እያለ ይወስናል። ስመ ጥሩው የሕንፃ ነዳፊ ለ ኮርቡዚዬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ወደ ምሥራቅ አገሮች ሲጓዝ ካሜራም ይዞ ነበር፤ ያም ሆኖ ትንንሽ ደብተሮቹን በእጅ ሥዕል ሞላቸው። በዚያ ዕድሜው እንደኛ ገና ወጣት ነበር። ካሜራ ላለው ሰው እርሳስ ትርፍ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ድካም ባልደከመም ነበር።

«እኔ ሥዕል አልችልም» የሚለውም ብዙ ነው። ለዚህ መልሳችን፣ የምንናገረው ስለ ውብ ሥዕል አይደለም የሚል ነው። እንግሊዛዊው ጆን ራስኪን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1854 ጀምሮ በለንደን ለሠራተኞች በተከፈተ ኮሌጅ ሥዕል ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ቀን በየሙያቸው ውለው ማታ እርሳስ የሚይዙ ሰዎች ነበሩ። የራስኪን አሳብ አናጢውን ከአናጢነቱ አውጥቶ ሠዓሊ ማድረግ አልነበረም፤ ዓይኑ የተከፈተ አናጢ እንዲሆን ነበር። በአገራችንም ሥዕልን በሙያነት ለሚሹ፣ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ ከእርሱ ጋር ልንፎካከር አልተነሣንም። የእጅ ጽሑፉ የማያምር ሰው ደብዳቤ መጻፍ እንደማይከለከል ሁሉ፣ መስመሩ የሚንቀጠቀጥበት ሰውም ከተማውን ከመሣል አይከለከልም። የሚያስፈልገውም ዕቃ ጥቂት ነው፤ ለስላሳ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ጀርባው ጠንካራ የሆነ ደብተር። ላጲሱን ቤት ትቶ መምጣትን እንመክራለን። ላጲስ የያዘ ሰው መስመሩን ሲያጠፋና ሲያስተካክል ይውላል፤ ላጲስ የሌለው ግን መስመሩን ከማኖሩ በፊት አንድ ጊዜ ጨምሮ ያያል።

አሁን ከግቢ ወጥተን ወደ አራዳ እንውረድ። የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ለዓድዋ ድል መታሰቢያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው፤ ንድፉም የኢጣልያዊው መሐንዲስ የሴባስቲያኖ ካስታኛ ነው ይባላል። «ቅርጹ ምን ዓይነት ነው?» ብንል ብዙ ሰው «ክብ ነው» ይለናል፤ የአገራችን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ስለሆኑ ዓይናችን የለመደውን ያያል። እርሳስ ግን ልማድ አያውቅም። ከደጁ ተቀምጦ የሚሥል ሰው ወዲያው ከማዕዘን ጋር ይገናኛል፤ ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ነውና። ከአንድ ቦታ ሆኖ ከሦስት ወይም ከአራት ገጽ በላይ አይታይም። ፊት ለፊት ያለው ገጽ ሙሉ ስፋቱን ሲይዝ፣ በግራና በቀኝ ያሉት ወደ ኋላ ስለሚያፈገፍጉ ከስፋታቸው ከ10 እጅ 7 እጅ ያህል ብቻ ይታያሉ። ሦስቱንም እኩል አድርጎ የሣለ ሰው ግድግዳው ተዘርግቶ አጥር ይሆንበታል። የቀሩትን ገጾች ለማወቅ ደግሞ ተነሥቶ መዞር ያስፈልጋል። ሲዞርም፣ ባለ አራት ማዕዘኑን ሕንፃ የሚያውቅ መሐንዲስና ክቡን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ ሕዝብ በስምንት ማዕዘን ላይ እንደተስማሙ አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይህ የእኛ አስተያየት ነው፤ ነገር ግን ወደዚህ አስተያየት የሚያደርሰው መንገድ በእርሳስ ጫፍ በኩል ያልፋል።

እርሳስ ከመሣያነቱ በላይ መለኪያም ነው። ክንድን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ የእርሳሱን ጫፍ ከሕንፃው ራስ ላይ፣ አውራ ጣትን ደግሞ ከእግሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ከለገሃር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቆሞ በቸርችል ጎዳና ወደ ላይ የሚያይ ሰው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የነደፈው ማዘጋጃ ቤት ኮረብታውን ሞልቶ የተቀመጠ ይመስለዋል። በእርሳሱ ሲለካው ግን ከአውራ ጣቱ ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። የገዘፈብን በቦታው ነው፤ ጎዳናው በሙሉ ወደ እርሱ እያመለከተ ስለሚወጣ ነው። አዲስ አበባም የዳገት ከተማ ስለሆነች ሌላ ትምህርት አላት። የቤቶቹ የጣሪያና የመስኮት መስመሮች ወደ ሩቅ ሲሄዱ በዓይናችን ትክክል ከፍታ ላይ ይገናኛሉ፤ የዳገቱ መንገድ ጠርዞች ግን ከዚያ በላይ ከፍ ብለው ይገናኛሉ። ይህን ልዩነት ያልጠበቀ ሥዕል ቸርችልን ሜዳ ያደርገዋል። የጠበቀው ሰው ደግሞ፣ በዳገት ላይ የሠሩ ግንበኞች ምን ያህል እንደተቸገሩ ይገባዋል፤ በአንድ ቤት ሥር ያለው የድንጋይ መሠረት በላይ በኩል እስከ ጉልበት፣ በታች በኩል እስከ ሰው ቁመት የሚደርስበትን ምክንያት ያያል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ዋናው ነገራችን እንመጣለን፤ ይኸውም የአራዳና የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ነገር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱና ነጋዴዎቹ የሠሯቸው ቤቶች፣ አንድ አገር ብቻ የማይወልዳቸው ዓይነት ነበሩ። የታችኛው ፎቅ ድንጋይ፣ የላይኛው እንጨትና ጭቃ፤ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ፤ ከውጭ የሚወጣ ደረጃ፤ በላዩም ሾጠጥ ያለ የቆርቆሮ ክዳን፤ በክዳኑ ጠርዝ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ሳንቃ። የአገሬው ግንበኛ፣ የአርመኑና የሕንዱ አናጢ እጃቸውን አንድ ላይ ያኖሩበት ሥራ ነው። እነዚህን ቤቶች የሣለ ሰው ማገሩና ጭቃው ከአያቶቹ ጎጆ የመጣ መሆኑን፣ ቆርቆሮው ግን በባሕር መምጣቱን በአንድ ግድግዳ ላይ ያነብባል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት እንኳ አልወደቀም። በረንዳውን ለመሣል የሞከረ ሰው፣ በእንጨትና በእንጨት መካከል ያለው ክፍተት እንዴት እንደተመጠነ ሲያይ፣ ያን ጊዜ የነበረው አናጢ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ስሙን ሳያውቅ ያውቀዋል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ በፒያሳና በአራዳ፣ በዶሮ ማነቂያም ብዙ ቤቶች ፈረሱ። በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ነዋሪዎቹ በከተማው ዳር ወዳሉ ሰፈሮች ሄዱ፤ መንገዱ ሰፋ፤ መብራት ተተከለ፤ የእግር መንገዱም ተነጠፈ። ስለዚህ ነገር በተማሪው መካከል የተነሣው ክርክር አሁንም አልበረደም። እኛም በዚህ ላይ ሳንሸሽ አሳባችንን እንሰጣለን።

አንደኛ፣ ለፈረሰው የሚያለቅሱት ጓደኞቻችን እውነቱን ሁሉ አይናገሩም። ከእነዚያ ቤቶች በብዙዎቹ ውስጥ ሰው የሚኖረው በችግር ነበር። በአንድ መኳንንት ቤት ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ክፍሉን በጣውላና በጨርቅ ተካፍሎ ይኖር ነበር፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ያፈስስ ነበር። የእርሳስ ሥዕል ውብ የሆነውን ሳንቃ ብቻ ሥሎ በአጠገቡ የተለጠፈውን የጣሳ ቁራጭ ከዘለለ፣ ሥዕሉ ፖስት ካርድ ሆኗል ማለት ነው። በደንብ የሚሥል ሰው የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ የተሰበረውን መስኮት የተካውን ካርቶን፣ በበሩ ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች ይሥላል፤ ሲሥልም የሰው ኑሮ ይታየዋል። የድሮ ቤት ፍቅር የነዋሪውን መከራ የሚያስረሳ ከሆነ ፍቅሩ የእንግዳ ፍቅር ነው።

ሁለተኛ፣ ይፍረስ የሚሉት ጓደኞቻችንም እውነቱን ሁሉ አይናገሩም። «አሮጌ ቆርቆሮ ነው» ሲሉ አንድን ሰፈር በሙሉ በአንድ ቃል ይጠቀልሉታል። ነገር ግን በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ዐሥር ቤቶች ዐሥር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ በእርግጥ ለመውደቅ የተዘጋጀ ነው፤ ሌላው ክዳኑ ቢታደስ ሌላ መቶ ዓመት የሚቆም ነው፤ ሦስተኛው እንደ ሕንፃ ተራ ሆኖ ሳለ በሩ ወደ ጎረቤቱ የሚከፈት፣ እድሩም ቡናውም በእርሱ ደጃፍ የሚሰበሰብበት ነው። ይህን ለመለየት ዐሥሩንም አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። በእርሳስ የሚያይ ሰው «አሮጌ ሰፈር» የሚባል ነገር ሊሥል አይችልም፤ ሊሥል የሚችለው ይህን በር፣ ይህን ደረጃ፣ ይህን ቤት ነው። ስለዚህ እንላለን፤ ፈራጁም አልቃሹም እርሳስ ይዘው ቢቀመጡ ኖሮ ክርክራቸው ባይቀር እንኳ የሚከራከሩበትን ነገር ያውቁት ነበር።

ለአዲሱ ሕንፃም ቢሆን ፊታችንን አናዞርም። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ተቀምጦ የሚሥል ሰው ሁለት ዘመን በአንድ ወረቀት ላይ ያገኛል። አንዱ ሄንሪ ሾሜት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የነደፈው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ ነው፤ ሁለተኛው በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የዚያው ባንክ ፎቅ ነው። ክቡን ሕንፃ የሚሥለው እጅ ጠርዙን ተከትሎ ይዞራል። ረጅሙን የሚሥለው እጅ ግን መጀመሪያ ወረቀት ያጥረዋል፤ ቀጥሎም መስታወቱ ላይ የሚይዘው ያጣል፤ በመጨረሻ የሚሥለው የሰማዩንና የጎረቤቶቹን ጥላ ይሆናል። ይህ ለነቀፋ የተባለ አይደለም። መስታወት ሲነጋና ሲመሽ የሚለዋወጠውን ያየ ሰው የራሱ ውበት እንዳለው አይክድም። ነገር ግን እጅ የሚይዘው ነገር የሚያጣበት ግድግዳ፣ የሚያልፈውም ሰው የሚደገፍበትና ከፀሐይ የሚጠለልበት ቦታ ያጣበት ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወደፊት መሐንዲስና የከተማ ፕላን አውጪ የሚሆኑት በልደታ ያለው የሕንፃ ትምህርት ተቋም ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ከእኛ በበለጠ ሊመልሱት ይችላሉ፤ ነገር ግን ጥያቄውን ለእነርሱ ብቻ መተው አይገባም። በከተማው ውስጥ የምንኖረው ሁላችንም ነን።

«ሥዕል የፈረሰ ቤት አያስነሣም» ለሚለን ሰው የዋርሶን ታሪክ እንነግረዋለን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዋርሶ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር እየወጡ የአገራቸውን ታሪካዊ ቤቶች እየለኩ በወረቀት ላይ ያሰፍሩ ነበር። ሥራው ትምህርት ነበር፤ ለማርክ የሚሠራ ነገር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 የናዚ ጦር ከተማዋን ሆን ብሎ ሲያወድም ከታሪካዊው መካከለኛ ክፍል ከ85 በመቶ በላይ ጠፋ። ወረቀቶቹ ግን ተሸሽገው ተረፉ። ፖላንዳውያን የድሮውን ከተማ መልሰው ሲሠሩ፣ ከእነዚያ ወረቀቶችና ቤርናርዶ ቤሎቶ በ18ኛው መቶ ዓመት ከሣላቸው የከተማዋ ሥዕሎች እየተመሩ ነበር። ዩኔስኮም በ1980 ያን የታደሰ ከተማ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የእኛ ነገር ከዚያ ልዩ እንደሆነ እናውቃለን፤ ከተማችንን ያፈረሰ ጠላት የለም፤ ለውጡም በራሳችን ፕላን የሚደረግ ነው። የምሳሌው ቁም ነገር ግን አንድ ነው። ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት የሠሩት ሥራ ለአንድ ሕዝብ ትዝታ መሠረት ሊሆን ችሏል።

አንድ መሰናክል እንዳለ አንደብቅም። ከመንገድ ዳር ተቀምጦ የሚሥል ሰው ብቻውን አይቆይም። መጀመሪያ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ቀጥሎ ሊስትሮው ሥራውን ትቶ ይመጣና «መስኮቱን አሳነስከው» ብሎ ያርማል፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። አንድ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ይቆሙና ያ ቤት የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ዓመት ክዳኑ እንደተለወጠ ይነግራሉ። ይህ ሁሉ በረከት ነው፤ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ነው። የሚያስቸግረው ዘበኛው ነው። «ምን እየጻፍክ ነው? ማን ፈቀደልህ?» ይላል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ደብተራቸውን ተቀምተው የተመለሱበት በር አለ። ዘበኛው የታዘዘውን ይሠራልና አንቀየመውም፤ ነገር ግን የገዛ ከተማውን የሚመለከት ተማሪ እንደ ሰላይ የሚታይበት ነገር መቅረት አለበት።

ስለዚህ አሳባችንን በአሳብነት ብቻ ትተነው እንዳንሄድ፣ ለማኅበራችን የሚከተለውን እናቀርባለን። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ከየፋኩልቲው ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች በአንድ ሰፈር ይገናኙ፤ እያንዳንዱም አንድ ቤት ይምረጥ። የታወቀ ሕንፃ መሆን የለበትም፤ ዳቦ ቤትም፣ የእንጨት ደረጃም፣ የቀበሌ ቤትም ይሁን። ከሥዕሉ ጀርባ ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ የመስኮቶቹን ቁጥር፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ የሚኖሩበትም ሰዎች ፈቅደው የነገሩትን ይጻፍበት። ወረቀቶቹ በአንድ ሣጥን ተጠብቀው በዓመቱ መጨረሻ ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጡ። ከመካከላቸው ጥቂቱ በዚህ መጽሔት ይውጣ፤ የምናባዛበት መኪና ጥላ ያለበትን ሥዕል ያጠቁረዋል፣ ቀጭን መስመርን ግን አጥርቶ ያወጣል። ማኅበሩም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለእያንዳንዱ ወጪ ይስጥ፤ ዘበኛውም ማኅተም ሲያይ ይለዝባል።

በአንድ ቀን ብዙ አይሠራም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለው፣ መቶ ተማሪ በዓመት ሦስት ሦስት ቤት ቢሥል ሦስት መቶ ቤት ይታያል ማለት ነው። ከሦስት መቶዎቹ ውስጥ የተወሰኑት በሚመጡት ዓመታት አይኖሩ ይሆናል። የሚፈርሱትም በሚገባ ታይተው ይፍረሱ፤ የሚቀሩትም ለምን እንደቀሩ የሚናገርላቸው ሰው ይኑር። በሚቀጥለው ጊዜ «ይህ ሰፈር ምን ነበረበት?» ተብሎ በስብሰባ ላይ ሲጠየቅ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ ደብተሩን ገልጦ፣ «ሰባት መስኮት ነበረው፤ ሁለቱ ተሰብረዋል፤ በደረጃው ሥር አንዲት እናት ቡና ይሸጣሉ» ብሎ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል። ያን ጊዜ ክርክራችን የተማሪ ክርክር ይሆናል። እርሳሱም ውድ አይደለም፤ ቅዳሜም ሩቅ አይደለም።